ከጣሪያው ሥር ሆና እግሯን ያየችው ታካሚ

በ2002 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በሁለት ገጽ የተጠቃለለ አጭር የሕክምና ዘገባ አወጣ። ያቀረቡት ኦላፍ ብላንከ፣ ስቴፋኒ ኦርቲግ፣ ቴዎዶር ላንዲስ እና ማርጊታ ሴክ ናቸው፤ በስዊዘርላንድ በጄኔቫና በሎዛን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የነርቭ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ነበሩ። ዘገባው ስለ አንዲት የ43 ዓመት ሴት ይናገራል። ሴትዮዋ ለ11 ዓመታት ከሚጥል በሽታ ጋር ኖራለች። ሐኪሞቹ በቀኝ የአንጎሏ ገጽ ላይ አንድ ቦታ መርጠው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲለቁባት፣ ከአልጋዋ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከጣሪያው አጠገብ ተንሳፍፋ፣ ከታች የተኛችውን ራሷን አየች። ፍሰቱ በተደገመ ጊዜ መንሳፈፉም ተደገመ።

ጉዳዩን የሰማ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን መንሳፈፍ ነው። አያስደንቅም፤ ከሥጋ ተለይቶ ራስን ከላይ ማየት በየዘመኑና በየሕዝቡ ሲነገር የኖረ ነገር ነው። እኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ሐኪሞቹ ታካሚዋ እግሯን እንድትመለከት፣ ከዚያ ጉልበቷን እንድታጥፍ፣ ከዚያ እጇን እንድትዘረጋ፣ ከዚያ ዓይኗን እንድትጨፍን ጠየቋት። ኤሌክትሪኩ የተለቀቀው እዚያው ቦታ ላይ ነው። የምታየውና የሚሰማት ነገር ግን ሰውነቷ እንደተቀመጠበት ሁኔታ ተለዋወጠ። ንቃተ ኅሊና ከወትሮው መስመር ሲወጣ ሰውነት አእምሮን እንዴት እንደሚቀርጸው ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ኤሌክትሮዱ ለምን እዚያ ተቀመጠ?

ሐኪሞቹ መንሳፈፍን ሊፈልጉ አልተነሡም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በመድኃኒት ብቻ አይድንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና ተስፋ ይሆናል፤ በሽታው የሚነሣበትን ትንሽ የአንጎል ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው። ይህ ከመደረጉ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ በሽታው ከየት ይነሣል? ሁለተኛ፣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ምን ይሠራል? የበሽታውን መነሻ አወጣለሁ ሲሉ የታካሚውን ንግግር ወይም የእጁን እንቅስቃሴ አብሮ ማውጣት አለና።

የዚህች ሴት የኤምአርአይ ምስል ምንም ጉድለት አላሳየም። ስለዚህ ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ፍሰት የሚያስተላልፉ ትንንሽ ብረቶች፣ በቀጥታ በአንጎሏ ገጽ ላይ ተቀመጡ። አንጎል በራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ታካሚው ነቅቶ፣ እያወራ፣ የሚሰማውን እየተናገረ ምርመራው ሊካሄድ ይችላል። ሐኪሙ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ደካማ ፍሰት ይለቃል፤ ጣት ከተንቀሳቀሰ ያ ቦታ የእንቅስቃሴ ነው፣ ንግግር ከተቋረጠ ደግሞ የቋንቋ ነው እያለ ካርታ ያወጣል። ይህን ዘዴ በሰፊው ያዳበረው በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ነው። ፔንፊልድም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አንጎሉ በፍሰት ሲነካ «ከሥጋዬ እየወጣሁ ነው» ብሎ የጮኸ ታካሚ እንደነበረው መዝግቧል። የጄኔቫው ነገር ከሰማይ የወረደ አልነበረም ማለት ነው።

አንባቢ ከሁሉ በፊት ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የሴትዮዋ በሽታ የሚነሣው ቴምፖራል በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጠኛ ወገን ነበር። መንሳፈፍ ያመጣው ቦታ ግን ከዚያ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይርቃል። በሽታው የሚነሣበት ቦታ ላይ ፍሰት ሲለቀቅ መንሳፈፍ አልመጣም። በሽታው በተነሣባት ጊዜም እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም ነበር። ስለዚህ «የሚጥል በሽታ ቅዠት ነው» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት አይቻልም። ፍሰቱ ያወከው በሽታው ከሚነሣበት ርቆ የሚገኝ ቦታ ነው።

መውደቅ፣ መስመጥ፣ ከዚያ መነሣት

ቦታው አንጉላር ጃይረስ ይባላል፤ ከቀኝ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ፣ ቴምፖራልና ፓሪየታል የሚባሉት የአንጎል ክፍሎች በሚገናኙበት አካባቢ ይገኛል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ከ2 እስከ 3 ሚሊአምፔር ለቀቁ። በዚህ መጠን ሴትዮዋ አልጋው ውስጥ እየሰመጠች ወይም ከከፍታ እየወደቀች እንደሆነ ተናገረች። ገና ራሷን አላየችም። የተሰማት የክብደትና የአቅጣጫ ለውጥ ብቻ ነው።

ፍሰቱ ወደ 3.5 ሚሊአምፔር ከፍ ሲል ነገሩ ተለወጠ። ከላይ ሆና አልጋው ላይ የተኛችውን ራሷን እንደምታይ፣ የምታየው ግን እግሮቿንና የታችኛውን ወገቧን ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ሁለት ጊዜ ሲደገም ያው ሆነ። ወዲያው ቀለል አላት፤ ተንሳፈፈች፤ ጣሪያው ቅርብ ነበር።

ቅደም ተከተሉ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ የመጣው የሚዛን ስሜት ነው፤ ምስሉ የመጣው ከኋላ ነው። የሚዛን ስሜታችን ምንጩ ውስጠኛው ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ የራስን መዞር የሚለኩ ሦስት ቅስት ቱቦዎች አሉ። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ የመሬት ስበትንና ቀጥተኛ እንቅስቃሴን የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ በውስጣቸው የካልሲየም ቅንጣቶች ስላሉ ራሳችን ዘንበል ሲል ቅንጣቶቹ ከሥራቸው ያሉትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይጎትታሉ። ወደ ላይ የቱ ነው፣ ወደ ታች የቱ ነው የሚለውን የምናውቀው ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ በእነዚህ ነው። የጄኔቫ ሐኪሞች የሴትዮዋን ጆሮ አልነኩም። የነኩት የጆሮ ወሬ ከዓይንና ከጡንቻ ወሬ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ሰውነቷ ፍራሹ ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ አንጎሏ ግን «እየወደቅሁ ነው» የሚል ወሬ ደረሰው። ፍሰቱ ሲበረታ ደግሞ «ተነሥቻለሁ» የሚል።

ያየችው ነገርም ሊጤን ይገባል። በእውነት ከጣሪያ ሥር ያለ ዓይን ወደ አልጋ ቢመለከት በቅድሚያ የሚያየው ፊትን ነው። እሷ ግን ፊቷን አላየችም፤ ያየችው እግሯንና የታችኛውን የሰውነት ክፍሏን ነው። እነዚህ ደግሞ በቀጣዮቹ ሙከራዎች ሲያጥሩና ሲንቀሳቀሱ የታዩአት ክፍሎች ናቸው። ከዚህ የምረዳው፣ ምስሉ የተሠራው ስለ ራሷ ሰውነት አንጎሏ ከያዘው እውቀት እንጂ ከላይ ሆኖ ከሚመለከት ሌላ ዓይን አይደለም የሚለውን ነው። ዘገባውም የታያት ነገር በራሷ ሰውነት ላይ ብቻ የተወሰነ መሆኑን እንደ ማስረጃ ይወስደዋል።

ጉልበት ሲታጠፍ

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። ሐኪሞቹ እግሯን ዘርግታ በዓይኗ እንድትመለከተው ጠየቁና ከ4 እስከ 4.5 ሚሊአምፔር ለቀቁ። እግሮቿ ሲያጥሩ አየች። ጣሪያ የለም፣ መንሳፈፍ የለም፤ ዓይኗ ሥር ያሉት እግሮች እያጠሩ ሄዱ።

ከዚያ ፍሰቱ ከመለቀቁ በፊት ጉልበቷን በ90 ዲግሪ አጠፈች። በዚህ ጊዜ እግሮቿ በፍጥነት ወደ ፊቷ የሚመጡ መሰላት። እንዲሁ መስሎኛል ብላ አልቀረችም፤ ለመሸሽ ሞከረች። ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ በጣም ያስደንቀኛል። በአንጎሏ ላይ ኤሌክትሮድ እንዳለ ታውቃለች፤ ሐኪሞቹ ከአጠገቧ ናቸው፤ ሁሉም ምርመራ እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም ሰውነቷ ከራሷ እግር ለማምለጥ ተንቀሳቀሰ። ማወቅ ስሜቱን አላሸነፈውም።

በእጆቿም ተሞከረ። ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ስትመለከት የግራ እጇ ያጠረ መሰላት፤ ቀኟ እንደነበረ ነው። የቀኝ የአንጎል ክፍል የሰውነትን ግራ ጎን የሚያስተዳድር በመሆኑ ይህ ከምንጠብቀው ጋር ይስማማል። ክርኗን በ90 ዲግሪ ስታጥፍ ግን የግራ ክንዷና እጇ ወደ ፊቷ የሚመጡ ሆነው ተሰማት። ከጉልበቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የተዘረጋው ያጥራል፣ የታጠፈው ይመጣል። በመጨረሻ ዓይኗን ስትጨፍን ሌላ ነገር ሆነ፤ እግሮቿ ባሉበት ጸንተው፣ የላይኛው የሰውነት ክፍሏ ወደ እነሱ እየሄደ እንደሆነ ተሰማት።

እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው «ኤሌክትሪክ ቅዠት ፈጠረ» በሚለው አይረካም። ፍሰቱ የጨመረው አንድ ዓይነት ሁከት ነው። ሁከቱ ማጠር ይሁን፣ ወደ ፊት መምጣት ይሁን፣ ወይም ወገብ ወደ እግር መሄድ ይሁን የወሰነው ግን የጉልበትና የክርን ማዕዘን፣ የዓይን መከፈትና መዘጋት ነው። አንጎል ግራ ሲጋባ ታሪክ ይፈጥራል፤ ታሪኩን የሚፈጥረው ግን በዚያች ቅጽበት ሰውነት ካቀበለው ነገር ነው።

«እኔ እዚህ ነኝ» የሚለው ስሜት እንዴት ይሠራል?

ጤነኛ ሰው «እኔ የት ነኝ?» ብሎ አይጠይቅም። «እኔ» ከዓይኔ ኋላ፣ በዚህ ሥጋ ውስጥ ነኝ። መልሱ እጅግ ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ መልስ መሆኑን እንረሳዋለን። አንጎል ግን ይህን መልስ በየቅጽበቱ ይሠራዋል። ዓይን የሚያየውን ያመጣል። ጡንቻ፣ መገጣጠሚያና ቆዳ የእጅና የእግርን አቀማመጥ፣ የወለልና የፍራሽን ግፊት ያመጣሉ። ውስጠኛው ጆሮ የስበትንና የእንቅስቃሴን ወሬ ያመጣል። ሦስቱ ሲስማሙ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ይገኛል።

ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በመናኸሪያ ቆሞ ባለ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ጎናችን ያለው አውቶቡስ ሲነሣ የእኛው የተንቀሳቀሰ ይመስለናል። ዓይን «እየሄድን ነው» ይላል፤ ጆሮ «ቆመናል» ይላል፤ አንጎል ለጥቂት ጊዜ ለዓይን ይፈርዳል። የፈረደውን ደግሞ እንደ ግምት ሳይሆን እንደ እውነት ነው የምንኖረው። እግራችን ፍሬን የሚፈልገው ለዚህ ነው።

የብላንከና የባልደረቦቹ ማብራሪያ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በሴትዮዋ ላይ የሆነው የሰውነት ስሜትና የሚዛን ወሬ አንድ ላይ መዋሐድ ሲያቅታቸው የተፈጠረ ነው ይላሉ። ሚዛን «ላይ ነኝ» ብሏል፤ ሰውነት «አልጋ ላይ ነኝ» ብሏል። የሁለቱን ወሬ አንድ ማድረግ ያልቻለ አንጎል ሁለት ቦታ ሰጣቸው፤ ተመልካቿ ላይ ሆነች፣ የምትታየው ታች ሆነች።

መተኛቷም ቁም ነገር አለው። ሰው ሲቆም እግሩ ሥር የወለል ግፊት አለ፤ ጡንቻዎቹ ያለማቋረጥ ትንንሽ እርማት ያደርጋሉ፤ የጆሮ ከረጢቶች በሚገባቸው አቅጣጫ ይሠራሉ። በጀርባው ሲተኛ ግን ይህ ሁሉ ይደክማል። ሰውነት ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ያንሳል። ብላንከ በ2004 ከሌሎች ጋር ባወጣው ሌላ የታካሚዎች ጥናት፣ ራሳቸውን ከላይ ሆነው ያዩት ሰዎች በአብዛኛው ተኝተው የነበሩ ሲሆን፣ ግልባጫቸውን ከፊት ለፊታቸው ቆሞ ያዩት ደግሞ ተቀምጠው ወይም ቆመው እንደነበር ታይቷል። የተኛ ይነሣል፤ የቆመ ከመንታው ጋር ይጋፈጣል። አቀማመጥ የቅዠቱን መልክ ይመርጣል ማለት ነው።

ከኋላዋ የተቀመጠው ጥላ

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ሻሃር አርዚ፣ ብላንከና ባልደረቦቻቸው በዚያው መጽሔት ሌላ ጉዳይ አወጡ። ታካሚዋ የ22 ዓመት ወጣት ሴት ነበረች፤ እሷም ለቀዶ ሕክምና እየተመረመረች፤ ፍሰቱ የተለቀቀው ግን በግራው ወገን በተመሳሳይ አካባቢ ነው። ወጣቷ አልተንሳፈፈችም። ከኋላዋ ሰው እንዳለ ተሰማት።

ተኝታ በነበረ ጊዜ ያ ሰው ከሥሯ ተኝቷል፤ ዝም ብሏል፤ አይንቀሳቀስም። ተነሥታ ጉልበቷን አቅፋ ስትቀመጥ እሱም ተቀምጦ በክንዶቹ ያቅፋታል፤ ስሜቱ ደስ የማይል ነበር። ከዚያ ካርድ ይዛ የቋንቋ ምርመራ ስትሠራ ከጎኗ ወደ ኋላ ተቀምጦ ካርዱን ሊወስድባት እንደሚፈልግ፣ እንድታነብ እንደማይፈልግ ተናገረች። የማን ጥላ እንደሆነ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፤ እሷ ስትተኛ ይተኛል፣ ስትቀመጥ ይቀመጣል። እሷ ግን ሌላ ሰው አድርጋ ወሰደችው፤ ክፉ ሐሳብም ሰጠችው። የራስ ሰውነት ከቦታው ሲንሸራተት «ሌላ» ይሆናል፤ ሌላ የሆነው ደግሞ የሚፈራ ይሆናል። ሰው ማንን እንደሚፈራ ሳስብ ይህ ግኝት ከ2002ቱ መንሳፈፍ ይልቅ ያሳስበኛል።

የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ ዱካክን ቢያስታውስ ተገቢ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ሌሊት ይነቃል፤ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ደረቱን የሚጫነው አለ፤ አንዳንዴ በክፍሉ ውስጥ አንድ የቆመ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ሕክምናው የእንቅልፍ ሽባነት ይለዋል፤ አሠራሩም የታወቀ ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቻችን ከዓይንና ከመተንፈሻ በስተቀር ይታሰራሉ፤ ሕልማችንን በእግራችን እንዳንሮጥ ነው። አእምሮ ከጡንቻው ቀድሞ ሲነቃ ሰውየው በታሰረ ሰውነት ውስጥ ይገኛል። ትንፋሹን በረጅሙ ሊስብ ሲሞክር ደረቱ አይታዘዝለትም። አንጎል ለዚህ የሚያገኘው ማብራሪያ «አንድ ነገር ተጭኖኛል» የሚል ነው። በጀርባ መተኛት ነገሩን እንደሚያባብሰው ይታወቃል። ጫት የለመዱ ሰዎችም ሳይቅሙ ባደሩበት ሌሊት የሚመጣባቸውን አስፈሪ ሕልም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከጄኔቫው ጉዳይ ጋር አንድ ናቸው አልልም፤ መነሻቸው ይለያያል። የሚያገናኛቸው፣ በሁለቱም ዘንድ አእምሮ የሚያየው ነገር ሰውነት ባለበት ሁኔታ መቀረጹ ነው።

ያለ ኤሌክትሮድ

የአንድ ታካሚ ዘገባ ብቻውን ብዙ ሸክም አይሸከምም። ስለዚህ በ2007 ሳይንስ (Science) በተባለው መጽሔት በአንድ ዕትም የወጡት ሁለት ጥናቶች ለጉዳዩ ትልቅ ድጋፍ ሆኑ። አንዱ የቢግና ለንገንሃገርና የብላንከ ቡድን ነው፤ ሌላው የሄንሪክ ኤርሰን። ሁለቱም የሠሩት በጤነኛ ሰዎች ላይ ነው። በመጀመሪያው፣ ሰውየው ዓይኑ ላይ ማሳያ አጥልቆ ከኋላው በቆመ ካሜራ የሚቀረጸውን የራሱን ጀርባ ሁለት ሜትር ያህል ከፊቱ ያያል። ጀርባው በዘንግ ይታሻል፤ በምስሉም ላይ ያው መታሸት በዚያው ቅጽበት ይታያል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ሰውየው ከፊቱ ያለው ሰውነት የእሱ እንደሆነ ይሰማው ጀመር። ከቦታው ወደ ኋላ ተወስዶ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ሲጠየቅ፣ ከነበረበት አልፎ ወደ ምስሉ ተጠግቶ ይቆም ነበር። መታሸቱና ምስሉ በጊዜ ሲለያዩ ግን ይህ ይዳከማል። ዓይንና ቆዳ በአንድነት ሲመሰክሩ «እኔ» ከቦታው ይንቀሳቀሳል።

ከጆሮ ወገን ያለው ማስረጃም ቆይቶ መጣ። በፈረንሳይ ክሪስቶፍ ሎፔዝና ማያ ኤልዚየር በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ማዞር ካለባቸው 210 ታካሚዎች መካከል 14 በመቶው ከሰውነት ውጭ የመሆን ልምድ ነበራቸው፤ ማዞር ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ግን 5 በመቶ ብቻ። በብዙዎቹ ታካሚዎች ዘንድ ልምዱ የመጣው ማዞሩ ከጀመረ በኋላ ነበር። ለእኔ ይህ ቁጥር ከሁሉም በላይ የጄኔቫውን ጉዳይ ያጠነክረዋል። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ ፍሰት፣ የጆሮ ሕመም ወደዚያው በር ሊያደርስ ይችላል።

ጉዳዩ የማይናገረው

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው የሳይንስ ነው። አንጉላር ጃይረስ «የመንሳፈፍ ቦታ» ነው ብሎ ማሳጠር ስሕተት ይሆናል። በ2007 ዲርክ ደ ሪደርና ባልደረቦቹ ከቤልጂየም የአንድ የ63 ዓመት ሰው ጉዳይ አወጡ፤ ለጆሮ ጩኸት ሕመም በዚያው አካባቢ ኤሌክትሮድ ሲተከልለት ከሰውነቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላና ወደ ግራ የወጣ ይመስለው ነበር። ግን ራሱን ከውጭ አላየም፤ ክፍሉን የሚያየው ከእውነተኛው ዓይኑ ቦታ ነው። ከቦታ መውጣትና ራስን ማየት ተለያይተው ሊመጡ ይችላሉ ማለት ነው። በ2023 ደግሞ በአሜሪካ ስታንፎርድ የጆሴፍ ፓርቪዚ ቡድን በቀኙና በግራው የአንጎል ግማሽ መካከል ተደብቆ የሚገኘው የፕሪኩኒየስ የፊት ክፍል በፍሰት ሲነካ የመውደቅ፣ የመንሳፈፍና ከራስ የመለየት ስሜት እንደሚመጣ አሳየ። ስለዚህ «እኔ» የተቀመጠበት አንድ ወንበር የለም። ብዙ ቦታዎች ተባብረው የሚሠሩት ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከእምነት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ጉዳይ ነፍስ አለች ወይም የለችም አይልም፤ ሊልም አይችልም። በሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያየውን ሲናገር «አንጎልህ ነው» ብሎ መዝጋት ሳይንስም ጨዋነትም አይመስለኝም። ጉዳዩ የሚናገረው ከዚያ ጠበብ ያለ፣ ግን ጽኑ ነገር ነው። ራስን ከላይ የማየት ልምድ፣ ለሚያየው ሰው እውነት ሆኖ የሚሰማው ልምድ፣ የሚዛንና የሰውነት ወሬ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሁከት ሲነሣ ሊፈጠር ይችላል። የልምዱ መልክም በሰውነት አቀማመጥ ይወሰናል።

ከዚህ ጠባብ ነገር የሚወጣው ጥቅም በተለይ በእኛ አገር ትልቅ ነው። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ባደረጉትና በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ከሺህ ሰዎች 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አግኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ከመውደቁ በፊት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ከሥሩ መሬት የከዳው፣ ከኋላው ሰው የቆመ፣ እጁ የራቀ ይመስለዋል? ይህ የበሽታው መነሻ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ከተነገረ ሕመሙ ከየትኛው የአንጎል ወገን እንደሚነሣ ፍንጭ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይነገርም፤ የሚናገረው ሰው እብድ ወይም ርኩስ መንፈስ ያለበት እንዳይባል ይፈራል። ወደ ጸበል መሄዱን የሚከለክለው የለም፤ ጸበሉም መድኃኒቱም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ለሕይወት ያሰጋል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ሰው የሚያነጋግር ሐኪም፣ ነርስ ወይም ዘመድ ከጄኔቫ ሐኪሞች የሚወርሰው ጥያቄ ቀላል ነው። ያኔ ተኝተው ነበር ወይስ ቆመው? ዓይንዎ ተከፍቶ ነበር? መጀመሪያ የመጣው መውደቅ ነው ወይስ ምስሉ? የሰውነትዎ የትኛው ወገን ነው የራቀው፣ ግራው ወይስ ቀኙ? ከዚያ በፊት ማዞር፣ የጆሮ ጩኸት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ማጣት ነበረብዎ? ከዚያ በኋላ ራስዎን የሳቱበት ወይም ምላስዎን የነከሱበት ጊዜ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነ የነርቭ ሐኪም ጋር ሳይዘገይ መሄድ ያስፈልጋል፤ ማዞርና የጆሮ ጩኸት ከሆነ ደግሞ ምርመራው የሚጀመረው ከጆሮ ነው።